ታሪክ ያቋረጠ በር ላይ ይቆማል

ልጆቹ «እትዬ ሪባን» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በቀዩ ሪባኗ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ መጻሕፍቱ የልጆች ክፍል ታሪክ ታነብላቸዋለች። ልክ ሌባው ሊያዝ፣ ልክ ደብዳቤው ሊከፈት ሲል ሪባኗን ገጹ ላይ ጣል አድርጋ መጽሐፉን ግጥም ታደርገዋለች። «የቀረውን ሳምንት!» ስትል ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። እሷ ግን መጽሐፉን ቁም ሣጥን ውስጥ ከታ ትቆልፍና ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስታደርግ ኖራለች። ልጆቹን የሚያመጣቸው ታሪኩ ሳይሆን ቁልፉ ነው የሚል ሐሜት ነበር፤ ሐሜት ነው እንግዲህ።

አነባበቧን ግን ጠላቷም አይክድም። ለሽማግሌው የሽማግሌ፣ ለአይጧ የአይጥ ድምፅ አላት። ነፋስ ሲነፍስ ትነፍሳለች፣ ዝናብ ሲዘንብ ጣቶቿ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። ምላሷ አንዲት ቃል ላይ እንኳ ተደናቅፎ አያውቅም። ይህን ራሷም ታውቃለች፣ እንዳወቀችም ያስታውቅባታል።

የክፍሉ ሕግ አንድ ብቻ ነው። በትልልቅ ፊደል ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፦ «ታሪክ ያቋረጠ በር ላይ ይቆማል።» ያወራ፣ የተንሾካሾከ፣ «ከዚያስ?» ብሎ የቸኮለ ሁሉ ቅጣቱ ያው ነው። ንባቧን ሳታቆም በጣቷ ወደ በሩ ትጠቁማለች፤ ጥፋተኛው ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ይቆማል። በሩን ግን ዘግታበት አታውቅም፤ ሁልጊዜ ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። «እየሰማ ይቆጨው» ትላለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ታሪክ እየተነበበ ልጅ ላይ በር መዝጋት አንጀቷ አይችልም።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ አራት ትራሶች አሉ። ጨርቁን መርጣ ያለበሰቻቸው ራሷ ናት። በደጉ ጊዜ ትራስ ያልደረሰው ልጅ ጫማውን አውልቆ ይቀመጥበት ነበር። ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ሰባት ትራስ ተረፈ። በሳምንቱ ዐሥር ተረፈ። ጉንፋን ነው አለች። ከወር በኋላ ዐሥራ አምስት ትራስ ባዶውን ሲያፈጥባት ግን ጉንፋኑ አላምር አላት። ነገር የማትቋጥር አንዲት ለፍላፊ ልጅ ነበረችና እሷን ጥግ አስያዘቻት።

«ጓደኞችሽ የት ጠፉ?»

«አልጠፉም እኮ እትዬ። ረቡዕ እማማ መርፌ ጋ ስለሚያነቡ ቅዳሜ ኳስ ይጫወታሉ።»

«እማማ ማን?»

እማማ መርፌ የትምህርት ቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ድሮ የስፖርት ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል ተሰጥቷታል። የተቀደደ የደንብ ልብስ ትጠቅማለች፣ የወለቀ ቁልፍ ትተክላለች። ማንበብ የተማረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ለፍላፊዋ እንዳስረዳችው፣ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል ላይ እየተንገዳገደች ነው የምታነበው። ስትስት ልጆቹ ያርሟታል።

«እኛ ነን የምናስተምራት!» አለች ልጅቷ ደረቷን ነፍታ።

እትዬ ሪባን ሳቀች። ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ልምድ ያላት ሌላ አንባቢ ልጆቹን ብትወስድባት ኖሮ ደግ ነበር፣ ሽንፈትም ወግ አለው። ፊደል ከፊደል እያጋጨች የምታነብ ሴት ከእሷ ደጃፍ ልጆች መውሰዷ ነው ያንገበገባት። ቤቷ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ለባሏ ዘረገፈችለት። ባሏ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ የተበላሸ ማብሰያ ፈታትቶ ሽቦዎቹን እየለየ ነበር።

«ሴትዮዋ ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ብላ ጸልያ ይሆናል» አለ ቀና ሳይል። «ይኸው ሰመረላት።»

ሁለት ቀን አኮረፈችው። እሱም ሁለት ቀን ማብሰያውን በሰላም ሠራ።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ዐሥር ዓመቷ ነው። ስትወለድ ጉንጯ ድቡልቡል ስለነበር «ድምቡሼ» ብለዋት ነበር። አሁን እንደ ክር ቀጥናለች፣ ስሙ ግን አብሯት ቀርቷል። ድምቡሼ ትንተባተባለች። በተለይ ሰው ሲያያት የመጀመሪያዋ ፊደል ጉሮሮዋ ላይ ትተከልና አልወጣም ትላለች። ሰባት ዓመቷ እያለ አንድ ቅዳሜ በራሷ ፈቃድ ተነሥታ፣ በልጆቹ ፊት አንድ አንቀጽ ላንብብ ብላ ነበር። «ዝ... ዝ... ዝ...» አለች። እናት አላስቻላትም። «ዝሆኑ!» ብላ ቃሉን ከአፏ ነጠቀቻት። ለሁለተኛውም ቃል እንዲሁ፣ ለሦስተኛውም እንዲሁ። በፍቅር ነው ያደረገችው፤ ልጇ በሰው ፊት ስትጨነቅ ማየት አቅቷት ነው። ድምቡሼ መጽሐፉን ቀስ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ትራሷ ላይ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጮክ ብላ አንዲት መስመር አንብባ አታውቅም፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። እናት በውስጧ የተከለችው አንድ ምኞት ቢኖር ይኸው ነው፤ የልጇን ድምፅ አንድ ቀን ከመጽሐፍ ላይ መስማት። ለሰው ግን አውርታው አታውቅም።

እንግዲህ በዚህ ልቧ ነው ረቡዕ ወደ ትምህርት ቤቱ የሄደችው። ለርዕሰ መምህሩ የአዳዲስ መጻሕፍት ዝርዝር ላደርስ ነው አለች። ዝርዝሩን ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ወርውራ፣ በመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ዞራ፣ የልብስ ሰፊዋ መስኮት ሥር ደረሰች። እዚያ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ልጆቹ በጨርቅ ክምር ላይ፣ በሳጥን ላይ፣ ከስፌት መኪናው ሥር ሳይቀር ተቀምጠዋል። እማማ መርፌ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ቁልፍ ትተክላለች። የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። የሚያነበው ሰው ድምፁ ቀጭን ነው፣ ይቆማል፣ ይንገዳገዳል፣ እንደገና ይነሣል።

ድምቡሼ ነበረች።

«ል... ልጅቷም ገ... ገመዱን ወገቧ ላይ አ... አ...» አለች። ክፍሉ ጠበቀ። ማንም ቃሉን አልነጠቃትም። እማማ መርፌ ክሯን በጥርሷ በጠሰች፣ መርፌዋን እንደገና አጎረሰች፣ ለመርፌው እንጂ ለልጅቷ የቸኮለች አትመስልም። «አሰረችው» አለች ድምቡሼ በመጨረሻ፤ ቀጠለችም።

እትዬ ሪባን ግድግዳውን ተደገፈች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሦስት ዓመት የተመኘችውን ድምፅ እየሰማች ነው። የመጣባት ግን ደስታ አልነበረም፤ ቅናት ነው፣ ያውም አንጀት የሚያሳርር ቅናት። ለኔ አንዲት መስመር የነፈገችኝን ለዚህች ሴትዮ ገጽ በገጽ ትለግሳለች! እኔ ወልጄ፣ አጥቤ፣ አሳድጌ፣ መርፌ ይዛ የተቀመጠች ትስማት? ዓይኗ ደም ለበሰ። በዚያ ዓይኗ ነው መጽሐፉን ያወቀችው።

መጽሐፉ የራሷ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነበር። ከመንደሯ የጠፋውን ትልቅ ደወል ፍለጋ ስለወጣች ልጅ የሚተርክ ነው። ሁለት ቅጂ ነበራቸው። የአንደኛው የመጨረሻ ዐሥራ ሁለት ገጾች ተገንጥለው ስለጠፉ «ከአገልግሎት ውጪ» የሚል ማኅተም መትታበት፣ ለትምህርት ቤቱ በሚሰጥ ሳጥን ውስጥ የከተተችው ራሷ ናት። ታሪኩ እዚያ ላይ የሚቆመው ልጅቷ ገመድ ወገቧ ላይ አስራ ጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ስትወርድ፣ ልክ ጨለማው መሐል ስትደርስ ነው። እሷ ሪባን ብታስቀምጥ ከዚያ የተሻለ ቦታ አታገኝም። ሙሉው ቅጂ ደግሞ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል።

«ቆይ ብቻ» አለች ለራሷ። «መጨረሻው ያለው ማን ጋ እንደሆነ እናያለን።»

ከዚያ ማታ ጀምሮ ድምቡሼ አንድ ሰማያዊ ደብተር ይዛ ጥግ ጥጉን ማለት አበዛች። እናቷ ስትመጣ ደብተሩን ከቀሚሷ ሥር ትወሽቀዋለች። «ምን እየጻፍሽ ነው?» ስትባል «የቤት ሥራ» ትላለች፤ ውሸት ስለማትችልበት ጆሮዋ ይቀላል። እትዬ ሪባን ይህንንም በእማማ መርፌ ሒሳብ ላይ ደመረችው። ደግሞ ምስጢር አስተማረቻት አለች።

ዐርብ ዕለት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ነገ ጠዋት በልጆች ክፍል ታላቅ አስገራሚ ነገር አለ። የቀረ ይቆጨዋል።» ወረቀት ከለጠፈች አይቀር በሁለት ቀለም ነበር የጻፈችው።

ቅዳሜ ሃያ አራቱም ትራሶች ሞሉ። ጫማቸው ላይ የተቀመጡም ነበሩ። እትዬ ሪባን አዲስ ሻሿን አስራ፣ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ቁም ሣጥኑን ቀስ ብላ ከፈተች። ሙሉውን ቅጂ ከፍ አድርጋ ስታሳያቸው አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ግራ የተጋቡ መሰሏት፤ ይህም ደስ አሰኛት።

«ይህን መጽሐፍ ታውቁታላችሁ አይደል? እናንተ ጋ ያለው ግን ጭራው የተቆረጠ ነው። መጨረሻው ያለው እዚህ ነው!»

ማንበብ ጀመረች። እንደዚያን ቀን አንብባ አታውቅም። የጉድጓዱን ጨለማ በድምፅዋ ቀባችው። የመጀመሪያዋን ገጽ ስትገልጥ ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ።

«እ... እ... እማ...»

ድምቡሼ ነበረች። ሁለት እጆቿን ወደፊት ዘርግታለች፣ አፏ ተከፍቷል፣ ቃሉ ግን አልወጣ ብሏታል። እትዬ ሪባን ንባቧን ሳታቆም ቀና አለች። ሕግ ሕግ ነው፣ ለልጇ አዳላች ደግሞ መባል የለባትም። በጣቷ ወደ በሩ ጠቆመች።

ድምቡሼ የዘረጋቻቸውን እጆች አወረደች። ከዚያ ወጣች። በሩም እንደ ወትሮው ገርበብ እንዳለ ቀረ።

በመጽሐፉ ውስጥ ገመዱ ተበጠሰ፤ ልጅቷም ወደቀች፤ የወደቀችበት ውኃ ውስጥም ደወሉን አገኘች፤ የሰረቀውም አጎቷ ሆኖ ተገኘ። ዐሥራ ሁለቱም ገጾች አለቁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪባን ሳታስቀምጥ እስከ መጨረሻው ነጥብ አነበበች። መጽሐፉን ዘግታ ጩኸቱን ጠበቀች።

ጩኸት የለም። አድናቆት መሰላት። ቆየት ሲል ግን የልጆቹ ፊት የአድናቆት አለመሆኑን አየች። አንዱ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ተመለከተውና መልሶ አጠፈው።

«እትዬ» አለች ለፍላፊዋ፤ ዛሬ ድምፅዋ ወርዷል። «ለምን ነገሩን?»

«እንዴት ለምን? መጨረሻውን ማወቅ አትፈልጉም?»

«ረቡዕ እኮ የየራሳችንን መጨረሻ ልናነብ ነበር። ሁላችንም ጽፈናል። እማማ መርፌ ገጾቹ ስለጠፉ እናንተ ጨርሱልኝ ብላን ነው። ዕጣ አውጥተን ድምቡሼ አንደኛ ወጣች። ደብተሯን ሞልታዋለች እኮ!» ከዚያ አንገቷን ደፋች። «አሁን እውነተኛውን ሰማነው። የኛ ውሸት ሆነ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉታል፤ ወጥቶ አለቀ፣ በየትኛው እጇ ትመልሰው? እትዬ ሪባን ወደ በሩ ሮጠች። ኮሪደሩ ባዶ ነበር።

ቤት ስትደርስ ድምቡሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ሰማያዊው ደብተር ወንበሩ ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ መደበቁም ቀርቷል። እናቷ አጠገቧ ተንበረከከች።

«የኔ ልጅ፣ አላወቅኩም። ብትነግሪኝ ኖሮ...»

«ል... ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«በ... በ...»

«በሩን ሳሳይሽ?» አለች እናት።

ድምቡሼ አፏን ዘጋች። ዓይኗን እናቷ ላይ ተከለች። ከዚያ አንዲትም ፊደል ሳትደናቀፍባት፣ ጥርት አድርጋ፣ «ሁልጊዜ የምትጨርሺው አንቺ ነሽ» አለች።

ባሏ ከጓዳው ብቅ አለ። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሚስቱን ፊት ሲያይ ተወው።

እስከ ረቡዕ አራት ቀን ነው። እትዬ ሪባን አራቱንም ቀን መጽሐፉን ሁሉ ያለቦታው ስትደረድር ዋለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት ሰው ሲተርተው ትስቅበት ነበር፤ እንዲህ በላይዋ ላይ ልክ ሆኖ ይሰፋል ብላ አስባ አታውቅም። ቅናቷስ ለቀቃት ወይ? የለም፣ አልለቀቃትም። ጥፋተኛ መሆኗን እያወቀችም «ለምን ለሷ?» የምትለዋ ነገር ሆዷ ውስጥ እንደተጋደመች ነበረች። ቢሆንም ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ደረሰች። አሁን በመስኮቱ ሳይሆን በበሩ በኩል ነው የመጣችው።

እማማ መርፌ ደጅ ወጥታ ጨርቅ እያራገፈች ነበር። ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አንቺ ነሽ ባለሪባኗ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«እኔን ምን በደልሽኝ? እኔ መጽሐፌ ጭራ የለውም፤ ጭራውን ልጆቹ ነገሩኝ።» ጨርቁን ጧ አድርጋ አራገፈችው። «አልጣመኝም። የነሱ ይሻል ነበር።»

«እውነትዎን ነው።»

«እውነቴን ከሆነማ ለምን እዚህ ትቆሚያለሽ? ግቢና ለነሱ ንገሪያቸው። እናነባለን ብለዋል እንግዲህ፣ ውሸትም ቢሆን የኛ ነው ብለው። ያንቺዋ ግን እንጃ። ከገባች ጀምሮ ደብተሯን አቅፋ ተቀምጣለች።» ቀጥሎ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ልጅ፣ እኔም እኮ ቀንቼብሻለሁ። ወሬሽ ደርሶኛል፤ እንደ ውኃ ትወርጃለሽ አሉ። እኔ አንድ ገጽ ለመጨረስ ሦስት ቁልፍ እተክላለሁ።»

እትዬ ሪባን ይህን እየሰማች ደፉን አለፈች። ቀንታባት ኖሮ! ነገሩ ሊያስቃት ምንም አልቀረው፤ ግን እግሯ ገብቶ ነበርና ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

ድምቡሼ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆማለች። ዕጣው የሷ ነው፣ መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናት። ደብተሩን ገልጣዋለች። እናቷን ስታይ ግን መልሳ በጣቷ ላይ ከደነችው። እትዬ ሪባን የምትቀመጥበት ፈለገች፤ አንዲት ልጅ ሳጥኗን ልትለቅላት ብድግ አለች።

«እ... እማዬ» አለች ድምቡሼ።

«ወዬ፣ የኔ ልጅ።»

«ታ... ታ...»

የእናት አፍ ተከፈተ። ቃሉን ታውቀዋለች፣ ግድግዳው ላይ የጻፈችው ራሷ ናት። በእጇ አፏን ያዘች።

«ታ... ታሪክ ያቋረጠ...» አለች ልጅቷ፣ ቀሪውንም አልተወችውም፤ «በ... በር ላይ ይቆማል።»

በጣቷ ወደ በሩ ጠቆመች።

የሳቀ ልጅ የለም። እማማ መርፌም ዓይኗን ከመርፌዋ አላነሣችም። እትዬ ሪባን ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቱን ልጅ እንዳስወጣች እያሰበች ወጣች። ደጅ ቆማ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ከኋላዋ የትናንሽ እግሮች ኮቴ ወደ በሩ ሲመጣ ሰማች። ልትዘጋብኝ ነው አለች በልቧ፤ ብትዘጋባትም አትፈርድባትም።

በሩ ተገፋ፤ ግን አልተዘጋም። ገርበብ ብሎ ቆመ። ኮቴው ተመለሰ። ደብተር ሲገለጥ ተሰማ።

«ል... ልጅቷ ጨለማው መሐል ስትደርስ» አለ ቀጭኑ ድምፅ፣ «ገ... ገመዱ...»

ተበጠሰ፣ አለች እናት በሆዷ። ተበጠሰ፣ የኔ ልጅ፣ ተበጠሰ በይና ይለፍልሽ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ውስጥ ክር በጥርስ ሲቆረጥ ተሰማ። ሁሉም ጠበቀ፤ እሷም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።

«ገ... ገመዱ አ... አ...» አለች ድምቡሼ። «አልተበጠሰም።»